«ብቃት የለኝም» ለሚል አገልጋይ

ጥያቄ፦ የወጣቶች መጽሐፍ ቅዱስ ጥናት እንድመራ ተመድቤያለሁ። ከእኔ የተሻለ የሚያውቁ ሞልተዋል። «በእግዚአብሔር ኃይል ታመን» ይሉኛል፤ በተግባር ምን ማለት ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ዘጸአት 3 እና 4ን በአንድ ጊዜ አንብበው። እግዚአብሔር ሕዝቡን ከግብፅ እንዲያወጣ ሲልከው ሙሴ አምስት ጊዜ ያመካኛል፦ እኔ ማን ነኝ፣ ስሙ ማን ነው ቢሉኝስ፣ ባያምኑኝስ፣ አፌ ኮልታፋ ነው፣ ሌላ ሰው ላክ። ለመጀመሪያው የተሰጠው መልስ «ትችላለህ» ሳይሆን «እኔ ከአንተ ጋር እሆናለሁ» ነው። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ በራስ መተማመን እስኪመጣላቸው ይጠብቃሉ። የእግዚአብሔር ቁጣ የነደደው ደግሞ ሙሴ ድካሙን ሲናገር አይደለም፤ በአምስተኛው፣ እምቢ ሲል ነው። ያኔም ቢሆን ወንድሙ አሮን ረዳት ሆኖ ተሰጥቶታል። ረዳት መጠየቅ የእምነት ጉድለት አይደለም ማለት ነው።

መልስ፦ ከላይ ባለው እስማማለሁ፤ ግን መታመን ዝግጅትን አይተካም። የእስራኤል መሪ የጌዴዎን ሠራዊት ከ32,000 ወደ 300 ሲወርድ እንኳ (መሳፍንት 7) ዕቅድ ነበረው፦ ሦስት ወገን፣ ለየአንዳንዱ ቀንደ መለከት፣ ባዶ ማሰሮና ችቦ። አንተም ከ10 እስከ 15 ቁጥር ብቻ ምረጥ፤ ሦስት ጥያቄ ጻፍ፤ አንዱ ክፍሉ ስለሚለው፣ አንዱ ስለ ትርጉሙ፣ አንዱ ስለ ኑሮ። የማታውቀው ከተጠየቀ «ለሚቀጥለው ሳምንት አጥንቼ እመጣለሁ» በል፤ ፈጥሮ መመለስ ነው የሚያዋርደው።

መልስ፦ አንድ ነገር ልጨምር። ጳውሎስ «የሥጋ መውጊያ» ያለው ሥቃይ እንዲወገድለት ሦስት ጊዜ ለምኗል (2ኛ ቆሮንቶስ 12)፤ ጸጋ ተሰጠው እንጂ መውጊያው አልተወሰደለትም። ፍርሃቱ ባይለቅህ ጸሎትህ አልተሰማም ብለህ አትደምድም።