ኢንቨርተሩ ቀትር ላይ ከመስመር ይወጣል፤ አስቸኳይ እርዳታ

ጠያቂ (ጅማ)፦ በቡና መቀሸሪያችን ጣሪያ ላይ የተተከለው ባለ 20 ኪሎዋት፣ ባለ ሦስት ፌዝ (በሦስት ኃይል ተሸካሚ ሽቦዎች የሚሠራ) የፀሐይ ኃይል ጠዋት በደንብ ይሠራል፤ ቀትር ላይ ግን ኢንቨርተሩ፣ ማለትም የፀሐዩን ኃይል ለመስመሩ ወደሚስማማ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው መሣሪያ፣ 243 ቮልት አሳይቶ ይቋረጣል። የኤሌክትሪክ አቅራቢው ባለሙያዎች ነገ ለፍተሻ ስለሚመጡ፣ የቮልቴጅ ጣሪያውን ከ242 ወደ 255 የማሳድግበትን መንገድ ዛሬውኑ ብትነግሩኝ ውለታችሁን አልረሳም። ጥፋቱ የእነርሱ መስመር ነው።

የሂርማታ ልጅ፦ አጥፍተው ያብሩት።

መምህሩ፦ ከመሠረቱ እንነሣ። በማከፋፈያ መስመራችን በፌዝና በኒውትራል (በመመለሻው ሽቦ) መካከል 220፣ በፌዞች መካከል 380 ቮልት ይጠበቃል፤ ኢንቨርተር ኃይል ወደ መስመር የሚገፋውም በራሱ ጫፍ ያለውን ቮልቴጅ ከመስመሩ ከፍ በማድረግ ነው። የቮልቴጅ ጣሪያው የተቀመጠው የእርስዎም ሆነ የጎረቤት ዕቃ እንዳይቃጠል ሲሆን፣ መብራት ሲጠፋ ኢንቨርተሩ ወዲያው የሚቆመው ደግሞ ምሰሶ ላይ የወጣ ሠራተኛ እንዳይሞት ነው። እነዚህን መከላከያዎች ያለ አቅራቢው ፈቃድ መነካካት ተገቢ አይደለም።

ቀልደኛው፦ ግልገል ግቤ አንድ 184 ሜጋዋት ይዞ አጠገባችን ተቀምጦ ሳለ፣ መስመሩን ያጥለቀለቁት እርስዎ ነዎት?

ተጠራጣሪ፦ ጥፋቱ የእነርሱ መሆኑን በምን አረጋገጡ? ቆጣሪው ጋ ለክተዋል? ከኢንቨርተሩ እስከ ቆጣሪው ያለው ገመድስ ምን ያህል ነው?

ጠያቂ፦ በዚያው ሰዓት ቆጣሪው ጋ 236 ነበር። ገመዱ ባለ 10 ካሬ ሚሊሜትር መዳብ ሆኖ 120 ሜትር ይረዝማል። መቀሸሪያው አሁን ሥራ የለውም።

የሂርማታ ልጅ፦ አጥፍተው ትንሽ ቆይተው ያብሩት፤ የእኔ የተስተካከለው እንደዚያ ነው።

የመስመር ሠራተኛ፦ ወንድሜ፣ መልሱ በሁለቱ ቁጥሮች፣ በ236 እና በ243፣ መካከል አለ። በየፌዙ ወደ 28 አምፔር ሲያልፍበት፣ የሞቀ ገመድዎ 0.24 ኦም ገደማ ስለሚሆን ወደ 7 ቮልት ይጨምራል፤ 243 የደረሰው በዚህ ነው። ባለ 25 ካሬ ቢዘረጉ ጭማሪው ከ3 ቮልት በታች ይወርዳል። ለነገ ግን የኢንቨርተሩን ኃይል ወደ 12 ኪሎዋት ይገድቡት፤ የመቀሸሪያ ማሽኑንም ቀትር ላይ ያስነሱት፣ ያመረቱትን እዚያው ይበላዋል። ይሁንና ቆጣሪው ጋ 236 መኖሩም ከፍተኛ ነውና፣ የትራንስፎርመሩ ታፕ (የሚያወጣውን ቮልቴጅ ከፍና ዝቅ ማድረጊያው) ዝቅ እንዲል በጽሑፍ ይጠይቁ።

ተጠራጣሪ፦ ቆጣሪው በሁለቱም አቅጣጫ የሚቆጥር ነው? አንዳንዱ ዲጂታል ቆጣሪ ወደ መስመር የላኩትን እንደ ፍጆታ ይደምርብዎታል። የግንኙነት ውሉስ ተፈርሟል?