የጋራ ወጪ ያልከፈለ ጎረቤት ውሃ ይዘጋበት?

አወያይ፦ ሰላም ጎረቤቶች። ለማታውቁን፣ ደብረ ብርሃን ያለን የኮንዶሚኒየም ብሎክ ነን፤ ሃያ ቤት። ባለፈው ሳምንት ሴፕቲክ ታንኩ ሞልቶ ደረጃው ሥር ፈሰሰ። ለመጣጭ መኪና ብር ሲዋጣ ዘጠኝ ቤት አልከፈለም። ኮሚቴው «ያልከፈለ ሰው ውሃ ይዘጋበት» ብሏል። እሁድ እንሰበሰባለን። እስከዚያ እዚህ እንከራከር። ስድብ የለም።

4ኛ ፎቅ፦ ይዘጋበት! ውሃ ወደ ላይ የሚገፋውን ሞተር የምናስጠግን እኛ፣ የዘበኛ የምንከፍል እኛ። ሞተሩ የተበላሸ ጊዜ በዚህ ብርድ ጄሪካን ተሸክሜ አራት ፎቅ ስወጣ ማን አገዘኝ? ሃምሳ ሎሚ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። እዚህ ግን ሎሚው ሁሉ እኛ ላይ ነው።

ምድር ቤት፦ ካልከፈሉት አንዱ እኔ ነኝ፤ አልደበቅም። እህቴ፣ ሞተሩ ለእኔ ምን ያደርግልኛል? ውሃው በራሱ ይደርሰኛል። ደረጃም አልወጣም።

4ኛ ፎቅ፦ ሽንት ቤትስ አትገባም?

ምድር ቤት፦ ኸረ በሕግ! እሱን እከፍላለሁ። ግን ደረሰኝ ይታየኝ። ኮሚቴው ሂሳብ ካሳየን ሁለት ዓመት አለፈ። ለምን እንደሚውል ለማላውቀው ብር ልጆቼ ውሃ ይጠማሉ?

ጡረተኛው መምህር፦ ልጆቼ፣ በእድራችን ያልከፈለ ይቀጣል፤ ካልሰማም ይሰረዛል። ማንም ፍርድ ቤት አይሄድም። እዚህስ ምን ልዩ አደረገው?

ሕግ የተማረችው፦ ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ልዩነት አለው። ከእድር ሰው ሊወጣ ይችላል። ከዚህ ግን ቤቱን ሳይሸጥ አይወጣም። የጋራ ሕንፃ ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 አለ። በተናጠል የተያዙ አምስትና ከዚያ በላይ ቤቶች ያሉበትን ሕንፃ ነው የሚገዛው። በአዋጁ መሠረት የእያንዳንዳችን የሆነው ቤቱ ነው። ደረጃው፣ ጣሪያው፣ ግቢው፣ የፍሳሽ መስመሩ የጋራ ነው። የቤቱ ባለቤት የሆነ ሰው የሕንፃው ቤት ባለቤቶች ማኅበር አባል ነው፤ ልግባ አልግባ የሚል ምርጫ የለውም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም ፎቅ ቤት ለብዙ ባለቤት ሲከፋፈል ምን እንደሚሆን ጽፎ ነበር፤ ያኔ እዚህ ኮንዶሚኒየም ማንም አላሰበም።

4ኛ ፎቅ፦ ይኸው! እንግዲያው ይዘጋበት።

ሕግ የተማረችው፦ ቆይ፣ አልጨረስኩም። ማኅበሩ የሕግ ሰውነት አለው። ይከሳል፣ ይከሰሳል። ስለዚህ ዕዳውን በክስ ይጠይቅ። በራሱ እጅ ቧንቧ ከዘጋ ግን ራሱ ተከሳሽ ሊሆን ይችላል።

4ኛ ፎቅ፦ ለመጣጭ መኪና ብር ብለን ስንት ቀጠሮ እንመላለስ? ፍርዱ እስኪመጣ ታንኩ ሦስቴ ይሞላል።

(በዚህ እኔም እስማማለሁ። ሕጉ ትክክል ነው፣ ሽታው ግን ቀጠሮ አይጠብቅም። አወያይ)

ተከራይ፦ እኔንም አስታውሱኝ እንጂ። ባለቤቱ አዲስ አበባ ነው፣ ስልክ አያነሳም። ኪራዬን በወቅቱ እከፍላለሁ። ውሃው ሲዘጋ ግን የሚጠማው እሱ ሳይሆን እኔ ነኝ።

ሕግ የተማረችው፦ ትክክል ነህ። የማኅበሩ አባል ባለቤቱ ነው። ዕዳውም ወደ እሱ ነው የሚሄደው።

የጠባሴ ሰው፦ እኛም ማኅበር ነን፣ ተደራጅተን ቤት የሠራን። ይህ ሕግ እኛንም ይመለከታል?

ሕግ የተማረችው፦ የእናንተ የኅብረት ሥራ ማኅበር ከሆነ የሚገዛው አዋጅ 985/2009 ነው። ስሙ ያምታታል እንጂ ለየብቻ ናቸው።

ጡረተኛው መምህር፦ ገባኝ። እንግዲያው ውሃውን ተዉት። መተዳደሪያ ደንባችን ውስጥ ቅጣት ይጻፍ። ቤት የሚሸጥ ሰው ስም ከማዞሩ በፊት ለገዢው ከማኅበሩ «ዕዳ የለበትም» የሚል ወረቀት ያሳይ። ገዢው ራሱ ያስከፍልልናል። ኮሚቴውም በየሦስት ወሩ ሂሳቡን በር ላይ ይለጥፍ።

ምድር ቤት፦ የጋሼን እቀበላለሁ። ደረሰኙ ይምጣ እንጂ የመጣጩን እሁድ ይዤ እመጣለሁ። የሞተሩን ግን አልሰጥም።

4ኛ ፎቅ፦ ደረጃ መብራቱንስ?

ምድር ቤት፦ የደረጃ መብራቱን… እሱን አስብበታለሁ።

አወያይ፦ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ 4 ሰዓት፣ ግቢው ውስጥ። ወንበር ይዛችሁ ኑ። ኮሚቴው ደግሞ ደብተሩን።