የስኳር በሽታ ያለባትን ድመት ይዞ ወደ ደብረ ማርቆስ መመለስ

ጥያቄ፣ ከሚኒሶታ

ሰላም ለሁላችሁ። ጠቅልዬ ወደ ደብረ ማርቆስ ልመለስ ነው። ቤቱ አልቋል፣ ዕቃውም ተጭኗል። ሐሳብ የሆነችብኝ ድመቴ ናት። ስኳር አለባት፤ ጠዋትና ማታ ኢንሱሊን እወጋታለሁ። እዚህ ያሉ ጓደኞቼ «ለሰው ስጪያት» ይሉኛል። እናቴ ደግሞ በስልክ «ድመትም ስኳር ይይዛታል?» ብላ በሳቅ ፈረሰች። ጎጃም ውስጥ እንዲህ ያለች ድመት ይዞ የሚኖር ካለ እባካችሁ ንገሩኝ። ምግቧስ እንዴት ይሆናል?

መልስ፣ ከደብረ ማርቆስ

እህቴ፣ ይዘሻት ነይ። እኔም የራሴን ይዤ ነው የገባሁት። ሁሉም የሚጨነቀው ስለ መርፌው ነው። እዚህ ግን ፈተናው ሰሃኗ ላይ ነው።

አገራችን ላይ ለድመት የሚደርሳት ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ። እንጀራ ፍትፍት፣ ወተት፣ የተረፈ ወጥ። ድመት ደግሞ በተፈጥሮዋ ሥጋ በል ናት። እንጀራው ስኳሯን ይሰቅለዋል። ወጡ ውስጥ ያለው ቀይና ነጭ ሽንኩርት ስኳር ለሌለባት ድመት እንኳ መርዝ ነው፤ ቀይ የደም ሴሏን ያፈርሳል። አክስቴ ግን ይህን ሁሉ ሰምታ «እና ምን ልትበላ ነው ታዲያ?» ብላ ዝም አለች። ዞር ስል ወተት የነካ ጉርሻ ጣል ታደርግላታለች። የአክስቴ አንጀት አይችልም። በመጨረሻ የሠራልኝ አንድ ንግግር ነው፦ «እንደ ጋሼ ናት፣ ስኳር አለባት»። ስኳር የሌለበት ዘመድ የለም፣ ሁሉም ይገባዋል። ከዚያ ወዲያ እንግዳ ሲያጎርሳት እንኳ የምትቆጣው አክስቴ ሆነች።

አሁን እዚያ ደረቅ ምግብ የምትሰጫት ከሆነ ልብ በይ። ደረቁ ምግብ ስታርች ይበዛዋል። ከሱ ወደ ሥጋ ስታዞሪያት ስኳሯ ይወርዳል፤ የድሮውን የኢንሱሊን መጠን ሳትቀንሺ ከወጋሻት ስኳሯ ከልክ በላይ ወርዶ ልትሞትብሽ ትችላለች። ስለዚህ ለውጡን እዚያው ሳለሽ፣ ሐኪሟ እያየ፣ ቀስ በቀስ አድርጊው። በጣሳ ከሚሸጠው ውስጥ መረቅ የሌለበትን፣ ከካርቦሃይድሬት የሚገኘው ጉልበት ከ10 በመቶ በታች የሆነውን ምረጪ። አንዳንዷ ድመት ምግቧ ተስተካክሎ ስኳሯ ቶሎ ከተያዘ ከነጭራሹ ኢንሱሊን ልታቆም ትችላለች። መለካቱን የማትተዪውም ለዚህ ነው።

እዚህ ከደረስሽ በኋላ ደግሞ ጾም አለ። ሁዳዴ ሲገባ ለ55 ቀን ሥጋ ቤት ይዘጋል፤ እኛ አገር ደግሞ ጾም ቀልድ አይደለም። እኔ በቅበላ እገዛና ከፊሉን በትንንሽ ከፋፍዬ አቀዘቅዛለሁ፣ ከፊሉን ቋንጣ አደርገዋለሁ። ያለ በርበሬ፣ ያለ ጨው፣ በስሱ ተዘልዝሎ። ወሩ በጋ ስለሆነ ቶሎ ይደርቃል። ስትፈልጊ ትቀቅይዋለሽ። መብራት ጠፍቶ ፍሪጁ ቢቀልጥ እንኳ ቋንጣው አለ። እንቁላልም በጾም ይረክሳል፤ ቀቅለሽ ስጫት። ባሕር ዳር ያላችሁ የታደላችሁ ናችሁ፣ የጣና ቆሮሶ አለላችሁ። አጥንቱን ለቅማችሁ፣ አብስላችሁ ስጡ እንጂ ጥሬውን አትስጡ።

ሥጋ ቤት ስትሄጂ ልብ ጠይቂ። «ለድመት» ስትያቸው ሳንባ ነው የሚቆርጡልሽ። ሳንባው አይጎዳትም፣ ግን በሱ ብቻ አትኖርም። ድመት ታውሪን የሚባል ነገር ከምግቧ ማግኘት አለባት፤ ልብ ውስጥ በደንብ አለ። ስትቀቅዪ ወደ ውኃው ስለሚወጣ መረቁን አትድፊው። የታውሪን ዱቄቱንም ከዚያ ይዘሽ ነይ። ቀይ ሥጋ ብቻውን በቂ ካልሲየም የለውም፤ የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት ይጨመርበታል፣ ልኩን ሐኪምሽን ጠይቂ።

ስለ ኢንሱሊኑ። ከዚያ የለመደችውን ከነሲሪንጁ በብዛት አምጪ። አንዳንዱ የእንስሳት ኢንሱሊን በአንድ ሚሊ ሊትር 40 ዩኒት ነው፣ የሰው ደግሞ 100። ሲሪንጁም የየራሱ ነው። የ100ውን ኢንሱሊን በ40 ሲሪንጅ ብትቀጂ ሁለት እጥፍ ተኩል ትሰጫታለሽ። ድመት የምትወስደው አንድ ወይም ሁለት ዩኒት ስለሆነ ይህ ስህተት ይገድላል። እዚህ ፋርማሲ የሚገኘው በአብዛኛው ኤንፒኤች የሚባለው የሰው ኢንሱሊን ነው። ድመት ላይ ቶሎ ያልቃል፣ 12 ሰዓት አይዘልቅም፤ ዝም ብሎ የሚተካ አይደለም።

ሌላም ነገር አለ፣ ልንገርሽ። ሆስፒታሉ በድጎማ የሚያወጣውን ኢንሱሊን ለድመት ብለሽ አትሰለፊ። መድኃኒቱ አልቆ «ነገ ተመለሱ» የሚባሉ ሰዎች አሉ። የሰፈር ሰው ያን ካየ ደግሞ አይረሳልሽም፣ እውነቱንም ነው።

የደብረ ማርቆስ ብርድ እዚህ ላይ ይጠቅምሻል። ከተማው ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለ መብራት ቢጠፋም ክፍሉ አይሞቅም። ግላርጂን የሚባለው ኢንሱሊን ከተከፈተ በኋላ ከ30 ዲግሪ በታች እስከ 28 ቀን እንደሚቆይ ወረቀቱ ላይ አለ። አደጋው መንገድ ላይ ነው። ከጎሃ ጽዮን ወርደሽ ደጀን እስክትወጪ የአባይ በረሃ መኪናውን ምድጃ ያደርገዋል። ፔርሙስ ውስጥ አድርጊው፣ በረዶው ግን ብልቃጡን አይንካው፤ ኢንሱሊኑ በረዶ ከሠራ ይበላሻል። መንገድ የሚዘጋበት ጊዜም አለ፣ ስለዚህ ሲሟጠጥ አትጠብቂ።

ሰዓቱን ጠዋት 1 ሰዓት፣ ማታ 1 ሰዓት አድርጊው፤ በኛ አቆጣጠር አይረሳም። ከመውጋቴ በፊት የምለካት መስኮት ሥር ነው። ጆሮዋን በሞቀ ጨርቅ አሻለሁ፣ ብርሃን ሲያርፍበት በጠርዙ የምትሄደው ቀጭን የደም ሥር ትታያለች። ከሥሯ ጥጥ ይዤ ከጠርዙ ጠቅ አደርጋታለሁ። ሰሊጥ የምታህል ደም ትበቃለች። ከዚያ የጀርባዋን ቆዳ አንስቼ በእጥፋቱ እወጋታለሁ፤ እየበላች ስለሆነ ዞር ብላም አታይም። የሰው መለኪያ የድመትን ስኳር ከትክክለኛው ዝቅ አድርጎ ሊያነብ ስለሚችል የእንስሳት መለኪያ ካለሽ ይዘሽ ነይ፤ የሚሆነውን ስትሪፕ ግን እዚህ አታገኚም።

ካልበላች ሙሉውን አትውጊ፣ ሐኪምሽ ጋር ደውዪ። መወጋቷን ተጠራጥረሽ እንደሆነም አትድገሚ። አንድ ጊዜ መዝለል አይገድልም፣ መደጋገም ግን ይገድላል። ከደከመች፣ ከተንገዳገደች፣ ካንቀጠቀጣት ስኳሯ ወርዷልና ድዷን ማር ቀቢ፤ ጎጃም ማር አይጠፋም። መዋጥ ካቃታት ወደ ጉሮሮዋ አታፍስሺ።

ሐኪም ካልሽ፣ የወረዳው የእንስሳት ክሊኒክ የለመደው በሬና ላም ነው። ደግ ሰዎች ናቸው፣ ግን ድመት ሲያዩ ይስቃሉ። የዚያውን ሐኪምሽን በቴሌግራም ያዢው። ኢንተርኔት ሲጠፋ የምትጠቀሚበትን መመሪያ ደግሞ በወረቀት አስጽፊ፦ ይህን ያህል ሲሆን ይህን ውጊ፣ ከዚህ በታች አትውጊ።

መልስ፣ ከባሕር ዳር

እትዬ ሁሉን ብለውታል። እኔ ነርስ ነኝ፣ ሁለት ነገር ብቻ ልጨምር። ኢንሱሊኑን ሻንጣ ውስጥ አያስገቡት፣ በእጅ ይያዙት፤ ከአውሮፕላኑ ታች ዕቃ የሚጫንበት ቦታ በረዶ ሊሠራ ይችላል። የሐኪም ወረቀትና የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ማስረጃም አብሮ ይኑር። ሁለተኛ፣ እዚያ በ2022 እና በ2023 የተፈቀዱ ቤክሳግሊፍሎዚንና ቬላግሊፍሎዚን የሚባሉ በአፍ የሚሰጡ የድመት መድኃኒቶች አሉ። መርፌውን ልተወው ብለው በራስዎ እንዳይጀምሩ። ኢንሱሊን ስትወስድ ለቆየች ድመት አይሆኑም፤ ስኳሩ ደህና መስሎ ኬቶን (ሰውነት ስብ ሲያነድ የሚወጣ፣ ሲበዛ ደም የሚመርዝ ነገር) ይከማችና በድንገት ይጥላታል። የሽንት ኬቶን ስትሪፕ ግን ከዚያ ይያዙ፣ ቀላል ነው። መጥታ ካስመለሳትና ምግብ ከዘጋች መጀመሪያ የምናየው እሱን ነው።