የ2008 ሻምፓኝ፦ ላቆየው ወይስ ልክፈተው?

በፈረንጆቹ 2008 የተመረተ ሻምፓኝ፣ ከአንድ ካርቶን የወጣ ሁለት ጠርሙስ ነበረኝ። ብርሃን በማይገባበት ምድር ቤት፣ 12 ዲግሪ አካባቢ፣ በጎናቸው ተኝተው ነው የቆዩት። ሰሞኑን አንዱን ከፈትኩት። የአከፋፈቱ ድምፅ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ቡሹም ከታች አልተነፋም፤ ቀጥ ብሎ ቀርቷል። አረፋው ስስ ነው። መጀመሪያ የተጠበሰ ዳቦና ለውዝ ለውዝ ሸተተኝ፤ እሰይ አልኩ። ብርጭቆ ውስጥ ትንሽ ሲቆይ ግን ተቆርጦ የጠቆረ ፖም ሆነ። እርጥብ ካርቶን አይሸትም፤ ስለዚህ የተበከለ ቡሽ አይመስለኝም። ቀዝቀዝ አድርጌም፣ በሰፊ ብርጭቆም ሞከርኩት፤ ያው ነው። የ2008 ሻምፓኝ አሲዱ ጠንካራ ስለሆነ ለረጅም ዓመት የሚቀመጥ ነው ሲባል ነው የማውቀው። የዚህኛው ቡሽ ብቻ አየር አስገብቶ ነው ብዬ ሁለተኛውን ላቆየው፣ ወይስ ሳይብስበት አሁኑኑ ልክፈተው?