የጋራ ነው የተባለ ያልተለመደ የወሰን ግንብ ያለበትን አዲስ ቤት ልግዛ?

ጥያቄ፦ ቤት ገዢ

ከአንድ ገንቢ ድርጅት ለብቻው የቆመ አዲስ ቤት ለመግዛት ተስማምቼ የውሉን ረቂቅ በማንበብ ላይ እገኛለሁ። ቤቱ በአሠራሩም በአቀማመጡም አስደስቶኛል፤ ያሳሰበኝ ከጎን ካለው ግቢ የሚለየኝ ግንብ ነው። ይህ ግንብ ከፊት ሲጀምር ተራ የግንብ አጥር ነው። መሃል ላይ ሲደርስ የጎረቤቱ የመኪና ማቆሚያ ክፍል የጎን ግድግዳ ይሆናል፤ የክፍሉም ጣሪያ ያረፈው በእርሱ ላይ ነው። ወደ ጓሮ ሲዘልቅ ደግሞ የጎረቤቱ ግቢ ከእኔው በ1.5 ሜትር ያህል ከፍ ስለሚል፣ ያው ግንብ የላይኛውን አፈር ደግፎ ይቆማል።

በፕላኑ ላይ የወሰኑ መስመር ከፊት በግንቡ መካከል ያልፋል፤ በጓሮው በኩል ግን ግንቡ ሙሉ በሙሉ በእኔ ይዞታ ውስጥ ተሥሏል። ረቂቁ ስለዚህ ሁሉ የሚለው «ግንቡ የጋራ ነው፤ የጥገና ወጪውም እኩል ይሸፈናል» ብቻ ነው፤ የድርጅቱ የሽያጭ ባለሙያም ከዚህ የተለየ ማብራሪያ አልሰጡኝም። እንዲህ ያለ ግንብ በእርግጥ የማን ነው? ቢሰነጠቅ ወይም ቢያዘነብል ኃላፊነቱ በማን ላይ ይወድቃል? ለመሆኑ ይህ ቤቱን ለመተው የሚያበቃ ምክንያት ነው ወይስ በውል ሊስተካከል የሚችል ጉዳይ? በሙያም ሆነ በኑሮ የምታውቁት ብትመክሩኝ እጅግ አመሰግናለሁ።

መልስ፦ የውል አማካሪ

ረቂቁ ላይ ያለው «የጋራ» የሚለው ቃል ሦስት የተለያዩ ጉዳዮችን አደባልቆ ይዟል፤ ባለቤትነትን፣ የማደስ ግዴታንና የመጠቀም መብትን። እነዚህ ሦስቱ የግድ በአንድ ሰው እጅ መሆን የለባቸውም፤ ለምሳሌ ግንቡ የእርስዎ ሆኖ ጎረቤትዎ ጣሪያቸውን የማሳረፍ መብት ሊኖራቸው፣ ወጪውም በሌላ ስሌት ሊከፈል ይችላል። ስለዚህ ለሦስቱም የግንቡ ክፍሎች ባለቤቱ፣ አዳሹና ተጠቃሚው በየራሳቸው እንዲጻፉ መጠየቅ አለብዎ።

ሕጉ ራሱ ክፍተቱን ይሞላልኛል ብለው እንዳይተማመኑ ልምከርዎ፤ አገሮች በዚህ ጉዳይ ላይ የያዙት መንገድ የተለያየ ነውና። እ.ኤ.አ. በ1804 የወጣው የፈረንሳይ የፍትሐ ብሔር ሕግ በሁለት ግቢዎች መካከል የቆመ ግንብ ተቃራኒ ሰነድ ወይም ምልክት እስካልተገኘ ድረስ የጋራ እንደሆነ ይገምታል። ከምልክቶቹ አንዱ የግንቡ አናት ነው፤ አናቱ ወደ አንድ ወገን ብቻ ካዘቀዘቀ፣ ግንቡ የዝናቡ ውሃ የሚወርድበት ወገን ንብረት እንደሆነ ይቆጠራል። በእንግሊዝና በዌልስ የሚሠራበት እ.ኤ.አ. የ1996ቱ ሕግ ደግሞ በአንድ ሰው መሬት ላይ ብቻ የቆመን ግንብ፣ መሠረቱ ወደ ጎረቤት ቢዘልቅም እንኳ፣ የጋራ የወሰን ግንብ አይለውም። በዚህኛው አስተሳሰብ ቢመዘን የጓሮው ክፍል ረቂቁ ምንም ቢል የእርስዎ ብቻ ሊባል ይችላል። በመሆኑም ቤቱ ባለበት አገር የሚሠራውን ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ ፕላኑንና ረቂቁን ጎን ለጎን ይመልከትልዎ።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። እርስዎና ድርጅቱ የምትፈራረሙት ውል በመርሕ ደረጃ የሚያስረው እናንተን ሁለታችሁን ነው፤ ጎረቤት የሚሆነውን ሰውም ሆነ ከእርሱ በኋላ የሚገዛውን አያስርም። ግዴታው ከመሬቱ ጋር እንዲሄድ ከተፈለገ በሁለቱም ቤቶች የባለቤትነት ሰነድ ላይ በአንድ ዓይነት ቃል መመዝገብ ይኖርበታል። የጎረቤቱ ቤት ተሽጧል ወይስ ገና በድርጅቱ እጅ ነው? ገና ካልተሸጠ ሁለቱም ይዞታዎች የአንድ ባለቤት ስለሆኑ ይህን ማድረግ ቀላል ነው፤ ከተሸጠ ግን የአዲሱን ባለቤት ፈቃድ መለመን ሊኖርብዎ ነው።

መልስ፦ የግንባታ መሐንዲስ

የሕጉን ጉዳይ ለባለሙያው ትቼ ስለ ግንቡ ልናገር። አጥር የሚቋቋመው ነፋስንና የራሱን ክብደት ነው፤ የመኪና ማቆሚያው ግድግዳ ጣሪያ ይሸከማል፤ የጓሮው ክፍል ግን ያለማቋረጥ ከጎን ይገፋል። ሦስቱ የተለያየ መሠረት ያስፈልጋቸዋል፤ መሠረታቸው ከተለያየ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እኩል ስለማይሰምጡ በመካከላቸው ግንቡን ከላይ እስከ ታች የሚለይ ክፍተት (ጆይንት) መኖር አለበት። ሦስቱንም ያለ ምንም መለያያ አንድ ወጥ አድርጎ የተገነባ ከሆነ መጋጠሚያዎቹ ላይ መሰንጠቁ አይቀርም። እንዲህ ያለው ስንጥቅ ብዙውን ጊዜ ለዓይን ያስጠላል እንጂ አይጥልም።

አደጋው ያለው በጓሮው ክፍል ነው። የአፈር ግፊት ከቁመቱ ጋር እኩል አይጨምርም፤ የተደገፈው አፈር ቁመት እጥፍ ሲሆን ጠቅላላ ግፊቱ አራት እጥፍ፣ ግንቡን ሊገለብጥ የሚታገለው ኃይል ደግሞ ስምንት እጥፍ ይሆናል። በዚህ ላይ ውሃ ይጨመራል። ከግንቡ ጀርባ 1.5 ሜትር ድረስ የተጠራቀመ ውሃ ለብቻው በእያንዳንዱ አንድ ሜትር የግንብ ርዝመት ላይ ከአንድ ቶን በላይ ይገፋል፤ ደጋፊ ግንቦች በከባድ ዝናብ ወቅት የሚወድቁበት ዋናው ምክንያትም ይኸው ነው። ስለዚህ ከጀርባው ጠጠር መሞላቱን፣ ከግርጌው ቱቦ መቀበሩን፣ ግንቡም ውሃ የሚያሳልፉ ቀዳዳዎች እንዳሉት ያረጋግጡ። ባዶ ብሎኬት ተደርድሮ በአሸዋና በሲሚንቶ የተለሰነ፣ ውስጡ ፌሮና ኮንክሪት የሌለው ግንብ ይህን ያህል አፈር እንዲደግፍ መተው የለበትም። ይህ ደግሞ ከተለሰነ በኋላ በዓይን አይለይም፤ የሚታወቀው ከንድፉና በግንባታው ጊዜ ከተነሡት ፎቶግራፎች ነው። ሁለቱንም ድርጅቱን ይጠይቁ፤ በጥንቃቄ የሠራ ድርጅት እነዚህን ለማቅረብ አይቸገርም።

ቤቱን በድጋሚ ሲጎበኙ ቱምቢ የሚይዝ ባለሙያ አብሮዎት ይሂድ። ሆዱን የገፋ ግንብ፣ በግንቡ የታችኛው ሲሶ ላይ አግድም የሚሄድ ስንጥቅ፣ ነጭ የጨው ንጣፍና የማይደርቅ እርጥበት ግፊት ወይም ውሃ እንዳለ ይጠቁማሉ። ጎረቤቱ ከግንቡ አጠገብ ባለው ከፍታ ላይ መኪና ቢያቆም ወይም ክፍል ቢሠራ ክብደቱ ወደ ግንቡ ስለሚተላለፍ፣ ንድፉ ምን ያህል ተጨማሪ ጭነት እንደሚፈቅድና ከዚያ በላይ መጫን ክልክል መሆኑ በሰነዱ ውስጥ ይግባ። እርስዎም በበኩልዎ ከግንቡ ሥር ያለውን አፈር ዝቅ አያድርጉ፤ ከፊቱ ያለው አፈር ግንቡ እንዳይንሸራተት ይይዘዋልና።

መልስ፦ የጥግ ቤት ነዋሪ

በእኔም ቤት የጎረቤት ክፍል ግድግዳ በግቢዬ በኩል ይታያል፤ በሰላም እንኖራለን። ከላይ በተባለው ላይ የምጨምረው፣ ግድግዳውን ለመቀባት ወይም ለማደስ ጎረቤት ወደ ግቢዎ መግባት ስለሚኖርበት በስንት ቀን ማስታወቂያ እንደሚገባና ያበላሸውን እንደሚመልስ ቀድሞ ይጻፍ። የጣሪያው አሸንዳም ውሃውን ወደየት እንደሚያፈስ ልብ ይበሉ።

ቤት ገዢ

ለሁላችሁም ከልብ አመሰግናለሁ። በመልሶቻችሁ መሠረት ድርጅቱን ጠይቄ፣ የጎረቤቱ ቤት እስካሁን እንዳልተሸጠ አረጋግጠውልኛል። የላኩልኝ ንድፍ ግን የፊተኛውን አጥርና የመኪና ማቆሚያውን ብቻ ያሳያል፤ የጓሮው ክፍል «በተመሳሳይ መንገድ የተሠራ» እንደሆነ በቃል ነግረውኛል። በዚህ ልቀበል?

መልስ፦ የግንባታ መሐንዲስ

አይቀበሉ። ከንድፉ ያገኙት ክፍል አፈር የማይደግፈው ነው፤ የጓሮው በእርግጥ «በተመሳሳይ መንገድ» ተሠርቶ ከሆነ ችግሩ ያ ራሱ ነው። የጓሮው ክፍል ስሌትና ንድፍ በኃላፊ መሐንዲስ ተፈርሞ ይቅረብልዎ፤ ከሌለ ድርጅቱ በራሱ ወጪ መሠረቱን በአንድ ቦታ ገልጦ ለገለልተኛ መሐንዲስ ያሳይ፤ ጉድጓዱ ግን ጠባብ ይሁን፣ በመሐንዲሱ ፊት ተቆፍሮም ወዲያው ይሞላ። ይህ ሳይሆን ቀሪውን ገንዘብ አይክፈሉ።

መልስ፦ የውል አማካሪ

ቤቱ አለመሸጡ ለእርስዎ ትልቅ ዕድል ነው፤ የምዝገባውን ጥያቄ በዚህ ሳምንት በጽሑፍ ያቅርቡ። በእኔ ግምት ፍትሐዊው አከፋፈል የፊተኛው አጥር እኩል፣ የመኪና ማቆሚያው ግድግዳ በጎረቤት፣ የጓሮውም ክፍል የሚደግፈው የጎረቤትን መሬት ስለሆነ የበዛው ወጪ በጎረቤት እንዲሸፈን ነው። መሐንዲሱ የጠቀሷቸው ቀዳዳዎች ውሃውን የሚያወጡት በእርስዎ ግቢ በኩል በመሆኑ፣ ከግርጌው ያለው ቦይ የማን እንደሆነና ውሃው በየት በኩል ወደ ዋናው ፍሳሽ እንደሚገባ በፕላኑ ላይ ተሥሎ የሰነዱ አካል ይሁን።