አንገቴ አልዞር ብሎኛል፤ የኦስቲዮፓቲ ሕክምና የሞከራችሁ እስቲ ንገሩኝ

ሰላም ወገኖች። ዲሲ አካባቢ ታክሲ እነዳለሁ። ከሁለት ወር ወዲህ አንገቴ ወደ ግራ አልዞር ብሎኝ፣ መስመር ስቀይር መላ ሰውነቴን ነው የማዞረው። ሐኪሜ ከስሟ ቀጥሎ ያለው እንደ ብዙዎቹ ሐኪሞች ኤምዲ ሳይሆን ዲኦ ነው፣ የኦስቲዮፓቲ ሐኪም ማለት ነው፤ ያው ሙሉ ሐኪም ናት፣ መድኃኒትም ታዛለች፣ ጡንቻና መገጣጠሚያን በእጅ ማከምም ተምራለች። እኔ ወጌሻ የለመድኩት ሰውዬ "አሁን ቀጭ ልታደርገኝ ነው" ብዬ ጥርሴን ነክሼ ስጠብቅ፣ የሚያመኝን ቦታ በጣቷ ፈልጋ አገኘችና ሕመሙ እስኪቀል ድረስ አንገቴን ቀስ ብላ አጠፍ አድርጋ 90 ሰከንድ ያህል ያዘችው። በቃ። ከዚያ ጭንቅላቴን በእጇ ላይ በቀስታ እንድገፋ፣ 5 ሰከንድ፣ ከዚያ እንድለቀው። ደጋገምነው።

ስወጣ እንደ ልጅ አንገት ዞረልኝ። በማግስቱ ግን ዱላ የቀመስኩ ይመስል ዝዬ ዋልኩ፣ በሦስተኛው ቀን ያው ተመለሰ። አንድ ሁለት ቀን መዛሉ ያለ ነው ብላኛለች፤ መመለሱንስ ምን ልበለው? እጄን አይደነዝዘኝም፣ ራሴንም አያዞረኝም።

ስንት ጊዜ ሄዳችሁ ነው የጸናላችሁ? የመግፋቱን ነገር ቤት ብቻዬን ባደርገው ችግር አለው? እናቴ በስልክ "ቅቤ ተቀብተህ ታሽ" ትላለች፤ እሱንም አልጠላሁም።