የበጎ ፈቃድ እሳት አደጋ ተከላካይ ለመሆን የሚጠየቀው የአካል ብቃት ምን ያህል ነው?

ጥያቄ (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

ጤና ይስጥልኝ፣ ወንድሞችና እኅቶች። ዕድሜዬ 38 ነው፤ የሁለት ልጆች አባት ስሆን ላለፉት 11 ዓመታት በአንድ የመኪና ማቆሚያ ሕንፃ ውስጥ በሌሊት ፈረቃ ገንዘብ ተቀባይ ሆኜ እሠራለሁ። ባለፈው ጥር ወር በምንኖርበት አፓርታማ ሁለተኛ ፎቅ ላይ እሳት ተነሥቶ ሁላችንም በሌሊት ልብሳችን ወደ ውጭ ወጣን። እሳት አደጋ ተከላካዮቹ ደርሰው አንዲት እናታችንን ውስጥ የቀረ ሰው እንዳለ ሲጠይቋቸው እናታችን እንግሊዝኛ ስለማይችሉና በድንጋጤም ላይ ስለነበሩ ዝም ብለው ያለቅሱ ነበር። እኔ ተጠግቼ በአማርኛ ብጠይቃቸው የልጅ ልጃቸው መታጠቢያ ቤት ውስጥ መቅረቷን ነገሩኝ፤ ልጅቷም በሰላም ወጣች። በኋላ ከመጡት ሰዎች መካከል አንዳንዶቹ ደመወዝ የማይከፈላቸው በጎ ፈቃደኞች መሆናቸውን ስሰማ፣ እኔም ለመመዝገብ ወሰንኩ።

የሚያሳስበኝ ሰውነቴ ነው። ሌሊቱን ቁጭ ብዬ ነው የማሳልፈው፤ ክብደቴ 94 ኪሎ ግራም ነው፤ በፋርማሲ መሣሪያ የለካሁት የደም ግፊቴም 138 በ88 ነበር። ለበጎ ፈቃደኛ የሚጠየቀው የአካል ብቃት ደመወዝተኛ ከሚጠየቀው ያነሰ ነው ወይስ እኩል? ፈተናውስ ምን ይመስላል? ደግሞም ጾም አጥብቄ ስለምጾም ልምምዱን ከጾሙ ጋር እንዴት ማስኬድ እንደምችል የምታውቁ ብትመክሩኝ እጅግ አመሰግናለሁ።

መልስ 1 (ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

ወንድሜ፣ በመጀመሪያ ለእናታችን ስለ ደረሱላቸው እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በበጎ ፈቃድ ማገልገል ከጀመርኩ 9 ዓመት አልፎኛል፤ የማውቀውን ሳልሸሽግ እጽፋለሁ።

በአሜሪካ ለሁሉም በጎ ፈቃደኞች የሚሠራ አንድ ወጥ የአካል ብቃት ሕግ የለም፤ መመዘኛውን የሚያወጣው ካውንቲው ወይም ጣቢያው ነው። አንዳንዱ ጣቢያ የሐኪም ማረጋገጫ ብቻ ይጠይቃል፣ አንዳንዱ የራሱን ፈተና ይሰጣል፣ ሌላው ደግሞ ደመወዝተኞች የሚፈተኑትን «ሲፓት» የሚባለውን ፈተና ያስፈትናል። ስለዚህ የመጀመሪያ ሥራዎ በአቅራቢያዎ ወዳለው ጣቢያ በአካል ሄደው መጠየቅ ነው። ያም ሆኖ ጣቢያዎ ባይጠይቅዎትም እንኳ ራስዎን በሲፓት መጠን ያዘጋጁ ብዬ አጥብቄ እመክራለሁ፤ ምክንያቱም በዚህ አገር ከ100 እሳት አደጋ ተከላካዮች ወደ 65 የሚጠጉት በጎ ፈቃደኞች ናቸው፣ የሚገቡበት ጢስና የሚሸከሙት ዕቃ ደግሞ ደመወዝተኛው ከሚገጥመው አይለይም።

ሲፓት የእሳት አደጋ ተከላካዮች የሠራተኛ ማኅበርና የአለቆች ማኅበር በጋራ ያዘጋጁት ፈተና ነው። ስምንት ተከታታይ ተግባራት አሉት፤ ሁሉም በ10 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ውስጥ መጠናቀቅ አለባቸው። ተፈታኙ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው 50 ፓውንድ፣ ማለትም 23 ኪሎ ግራም የሚጠጋ ሰደርያ ይለብሳል፤ ይህም እሳት አደጋ ተከላካይ የሚለብሰውን ልብስና የሚተነፍስበትን የአየር ጋን ክብደት የሚተካ ነው። ከአንዱ ተግባር ወደ ሌላው ሲያልፍ 26 ሜትር ያህል ይራመዳል፣ መሮጥ ግን አይፈቀድም።

ብዙ ሰው የሚወድቀው በመጀመሪያው ተግባር ነው። በደረጃ መውጫ ማሽን ላይ በሰደርያው ላይ ተጨማሪ 25 ፓውንድ በትከሻ ይጫንና በአጠቃላይ 34 ኪሎ ግራም ተሸክመው፣ ከ20 ሰከንድ ማሟሟቂያ በኋላ በደቂቃ 60 እርምጃ እየረገጡ ሦስት ደቂቃ ይቆያሉ። በወሬ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል፤ በሁለተኛው ደቂቃ መጨረሻ ላይ ግን ጭንዎ ይነድዳል፣ እስትንፋስዎ ያጥራል፣ ገና ሰባት ተግባራት እንደሚቀሩዎትም ያስታውሳሉ። ከዚያ የትከሻው ጭነት ይነሣልዎትና የውኃ ቱቦ መጎተት፣ ሁለት መጋዞችን ከመደርደሪያ አውርዶ ተሸክሞ መመለስ፣ 7 ሜትር የሚያህል መሰላል ማቆምና መዘርጋት፣ በ10 ፓውንድ መዶሻ በር የሚመስል መሣሪያ መምታት፣ በጨለማ መተላለፊያ ውስጥ ተንበርክኮ መዳህ፣ 165 ፓውንድ የሚመዝን የሰው ቅርጽ መጎተትና በመጨረሻም በረጅም ዘንግ ጣሪያ መግፋትና መሳብ ይከተላሉ። ፈተናው በሚሰጥበት ቦታ አስቀድሞ የመሣሪያዎቹ ማስተዋወቂያና የልምምድ ጊዜ አለ፤ በሥራ ብዛት ምክንያት ይህ እንዳያመልጥዎት።

አንድ ያየሁትን ልንገርዎ። በአንድ ባለ ሦስት ፎቅ ሕንፃ ላይ በነበረ እሳት፣ ጠንካራ የምንለው፣ ከባድ ብረት የሚያነሣ ባልደረባችን ቱቦውን ይዞ ሁለተኛው ፎቅ መታጠፊያ ላይ ሲደርስ ቆመ፤ የራስ ቁሩን አውልቆ ደረጃው ላይ ተቀመጠ፣ ፊቱም አመድ መሰለ። ለነዋሪዎቹ የመጣው አምቡላንስ እርሱን ይዞ ሄደ። እግዚአብሔር ይመስገን ተርፏል። ነገር ግን እርሱን ለማውረድ ሁለት ሰዎች ከእሳቱ ላይ ተነሥተዋል፤ ለዚህ ነው የአንድ ሰው ብቃት የሁላችንም ጉዳይ ነው የምለው።

መልስ 2 (ነርስ፣ ዋሽንግተን ዲሲ)

ከላይ የጻፉት ወንድም የተናገሩት ትክክል ነው፤ እኔ በልብ ሕሙማን ክፍል የምሠራ ነርስ ስለሆንኩ የሐኪሙን በኩል ልጨምር። በአሜሪካ እሳት አደጋ ተከላካዮች በሥራ ላይ እያሉ ሕይወታቸው ከሚያልፍባቸው ምክንያቶች ቀዳሚው ድንገተኛ የልብ ሕመም ነው፤ ቃጠሎና ጢስ ከእርሱ በኋላ ይመጣሉ። ምክንያቱም ሰውየው ከእንቅልፉ በደወል ተቀስቅሶ በደቂቃዎች ውስጥ ከዕረፍት ወደ ከፍተኛ ድካም ይሸጋገራል፣ ላቡ እንዳይተን የሚያደርግ ወፍራም ልብስ ለብሶ ይሞቃል፣ ፈሳሽ ያጣል፣ የልብ ምቱም ወደ መጨረሻው ጣሪያ ይጠጋል። ቀድሞ የጠበበ የልብ ደም ሥር ያለበት ሰው ይህን አይችልም፤ ብዙ ጊዜም መጥበቡን አያውቀውም።

ስለዚህ እባክዎ ልምምድ ከመጀመርዎ በፊት ሐኪም ዘንድ ይቅረቡ። 138 በ88 በዚህ አገር መመሪያ መሠረት እንደ ከፍተኛ ደም ግፊት ይቆጠራል፤ ይሁን እንጂ አንድ ጊዜ በፋርማሲ ወንበር ላይ የተለካ ቁጥር ብቻውን ፍርድ አይሆንም። ለሁለት ሳምንት ጠዋትና ማታ ቤትዎ ለክተው ጽፈው ይዘው ይሂዱ። ስኳር፣ ኮሌስትሮል፣ ኢሲጂ (የልብ የኤሌክትሪክ ምርመራ)፣ እንደ ዕድሜዎና እንደ ቤተሰብ ታሪክዎም በትሬድሚል ላይ የሚደረግ የልብ ምርመራ ይጠይቁ። በሙያው ለብዙ ዓመታት መነሻ ሆኖ የቆየው ልኬት ሰውነት በደቂቃ ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም ክብደት 42 ሚሊ ሊትር ኦክስጅን መጠቀም መቻሉ ነው፤ ይህም በዕረፍት ላይ ከምንጠቀመው 12 እጥፍ ነው። በሌሊት ፈረቃ ለዓመታት የተቀመጠ ሰው ከዚህ በታች ቢገኝ አይገርምም፤ በጥቂት ወራት ሥራ ግን በሚታይ መጠን ይሻሻላል።

ስለ ጾሙ፦ የጾም ምግባችን በራሱ ደካማ አይደለም፤ ምስር፣ ሽምብራ፣ ሱፍ፣ ተልባና ጤፍ ያለው ገበታ ጡንቻን ይጠግናል። የሚጎዳው ውኃ ሳይጠጡ እስከ ከሰዓት በኋላ ድረስ ከባድ ጭነት ተሸክሞ መልፋት ነው። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ከባዱን ልምምድ ምግብና ውኃ ከቀመሱ ሁለት ሰዓት በኋላ ያድርጉት፤ የፈተና ቀን የመምረጥ ዕድል ካገኙም ከጾሙ ውጭ ያድርጉት። ለጥሪ ተረኛ በሚሆኑባቸው ቀናት ውኃ ስለመጠጣት ግን የንስሐ አባትዎን አስቀድመው ያማክሩ፤ ይህ እኔ የምወስንልዎ ነገር አይደለም፣ ነገር ግን ውኃ ያልጠጣ ሰው በዚያ ልብስ ውስጥ ራሱን ሊስት እንደሚችል ለአባታችን በግልጽ ይንገሯቸው።

መልስ 3 (ከሜሪላንድ)

እኔ ሴት ነኝ፣ ክብደቴ 61 ኪሎ ግራም ነው፣ ሲፓትን በመጀመሪያው ሙከራ ወድቄ በሁለተኛው አልፌዋለሁ። የወደቅሁት ማሽኑ ላይ ነበር፤ ሚዛኔን ለመጠበቅ የእጅ መደገፊያውን ደጋግሜ ስይዝ ማስጠንቀቂያዎቼ አለቁ። ለአራት ወራት በጂም ሮጬና እግሬን በማሽን ገፍቼ ነበር፣ ነገር ግን አንድ ቀንም ጭነት ተሸክሜ ደረጃ አልወጣሁም ነበር።

ሁለተኛውን ጊዜ ያዘጋጀሁት በጤፍ ነው። ከሐበሻ ሱቅ የምንገዛውን ባለ 25 ፓውንድ ከረጢት በጀርባ ቦርሳ ውስጥ አስገብቼ የአፓርታማዬን ደረጃ በሳምንት ሦስት ቀን እወጣ ነበር። መጀመሪያ አሥር ደቂቃ ያለ ጭነት፣ በሦስተኛው ሳምንት ከግማሽ ከረጢት ጋር፣ በሁለተኛው ወር ከሙሉ ከረጢት ጋር፣ በመጨረሻም ከሁለት ከረጢት ጋር። ስወርድ ጉልበቴን ለማዳን የእጅ መደገፊያውን ይዤ በቀስታ እወርዳለሁ። በሕማማት የምንሰግደው ስግደት ለጭንና ለወገብ ጥሩ መሠረት እንደሆነኝም ልመስክር፤ ግን ጭነት ስለሌለው ብቻውን አይበቃም።

የሰው ቅርጹን መጎተት ደግሞ ሴቶችን ያስፈራል፣ ሆኖም ጉዳዩ የክንድ ኃይል አይደለም። ወገብን ቀጥ አድርጎ፣ በጉልበት ዝቅ ብሎ፣ እጀታውን ይዞ በአጫጭር እርምጃ ወደ ኋላ መሄድ ነው፤ ሰውነትን ወደ ኋላ ሲያጋድሉ የራስ ክብደት ይጎትትልዎታል።

መልስ 4 (ከፍራንክፈርት አቅራቢያ፣ ጀርመን)

የአሜሪካው ፈተና እንዲህ መሆኑን አላውቅም ነበር። እዚህ አገር አንድ ሚሊዮን የሚያህሉ በጎ ፈቃደኞች አሉ፤ በትንንሽ ከተሞችና መንደሮች እሳት የሚያጠፋው በአብዛኛው በጎ ፈቃደኛ ነው። ለመመዝገብ እንደ ሲፓት ያለ ፈተና አልገጠመኝም። ጥብቅ የሚሆነው የአየር ጋን ተሸክሞ ወደ ጢስ ለሚገባው ሰው ነው፤ እርሱ ልዩ የሐኪም ምርመራ ማለፍ አለበት። በዚያም ሳንባው፣ ዓይኑ፣ ጆሮው፣ በሳይክል ላይ እየጋለበም ልቡ ይታያል። ምርመራው እስከ 50 ዓመት በየሦስት ዓመቱ፣ ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ይደገማል።

በተጨማሪ በየዓመቱ ሙሉ ልብስና ጭንብል ለብሰን የልምምድ ቦታ እንገባለን። ማለቂያ የሌለው መሰላል እንወጣለን፣ በትሬድሚል እንራመዳለን፣ ከዚያም በብረት መረብ በተከፋፈለ ጨለማ ክፍል ውስጥ በደረታችን እየተሳብን እናልፋለን፤ ይህ ሁሉ በአንድ ጋን አየር ማለቅ አለበት። የተጨነቀ ሰው በፍጥነት ስለሚተነፍስ አየሩ ቶሎ ያልቅበታል፣ ስለዚህ እርጋታም የብቃቱ አንድ አካል ነው። ልምምዱን በጊዜው ያላደረገ ሰው እስኪያሟላ ድረስ ጭንብል አይለብስም፤ አለቃም ቢሆን።

ጠያቂው ጺም ካለዎት አንድ ነገር ይወቁ፤ ጭንብሉ ፊት ላይ በሚያርፍበት ቦታ ጺም ካለ አየር ያፈስሳል፣ ስለዚህ መላጨት ግዴታ ነው። ለዲያቆናት ወንድሞቻችን ይህ ቀላል ውሳኔ እንዳልሆነ አውቃለሁ።

መልስ 1 (እንደገና)

የጺሙ ደንብ በአሜሪካም ያው ነው፤ የጭንብሉ አገጣጠም በየዓመቱ ይፈተሻል። ጺሙን መላጨት የማይፈልግ ወይም ሐኪም ያልፈቀደለት ሰው ግን ተስፋ አይቁረጥ፤ ብዙ ጣቢያዎች በአምቡላንስ፣ በአስተዳደርና በሕዝብ ትምህርት የሚያገለግሉ ፈቃደኞችን ይቀበላሉ። ጠያቂው ያደረጉት የማስተርጎም ሥራ ራሱ እዚያ እጅግ ይፈለጋል።

ጠያቂው

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የሐኪም ቀጠሮ ለሚቀጥለው ሳምንት ማክሰኞ ይዣለሁ፣ የደም ግፊቴንም ከትናንት ማታ ጀምሮ እየጻፍኩ ነው። የምሠራበት ሕንፃ ስድስት ፎቅ ነው፤ ሐኪሙ ከፈቀደልኝ በዕረፍት ሰዓቴ ያለ ጭነት ደረጃውን መውጣት እጀምራለሁ። አንድ ጥያቄ ብቻ ይቀረኛል፦ በምወጣበት ጊዜ የእጅ መደገፊያውን ብይዝ ችግር አለው?

መልስ 3 (ከሜሪላንድ)

ሲወርዱ ይያዙ፣ ሲወጡ አይያዙ። እኔን የጣለኝ እርሱ ነው።